ቆራጭ

ሦስት ቲኬት ቆርጠን ነበር ለዕረፍት ቀናችን ማታ፤
አንዱ ወንበር ባዶ ቀረ፣ የወንድይፍራው ቦታ።
አጅማን፣ የገበያ አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፤
ተማም ፈንዲሻውን ታቅፎ፣ ገና ሳይጀመር ያኝካል።

ሸራው ላይ ሁለት ሰዎች፤ እጀታ እንጂ ሰይፍ የላቸው።
ቁልፍ ሲጫኑ ብርሃን ወጣ ከመሐል መዳፋቸው፤
ክንድ ተኩል ከረዘመ በኋላ፣ ጫፉ ላይ ድንገት ቆመ።
ማን «በቃህ» አለው? በምን ግንብ፣ በምን አጥር አከተመ?
የኔ ባትሪ እንኳ፣ ያቺ የአምስት ድርሃሟ፣
የካምፑን አጥር ዘልላ ትሄዳለች፤ አይታወቅም ማብቂያዋ።

ቀዩ በሰማያዊው ላይ ወረደ፤ ቋ! ብለው ተጋጩ፤
ጥርስ ነክሰው ተገፋፉ፣ እንደ ቢላና ሞረድ ተፋጩ።

እኔ ቆራጭ ነኝ።
አሥራ አንድ ዓመት የመርከብ ሆድ ስተረትር የኖርሁ፣
ቆርጬ ከሀገር ወጥቼ፣ ብረት ስቆርጥ የቀረሁ።
የኔ ነበልባል አውራ ጣት አያክልም ርዝመቱ፤
ለሱ ነው ያ ሁሉ ጓንት፣ ያ ቆዳ ሽርጥ ከነጥቁር መስታወቱ።
እነዚያ ግን በባዶ እጅ፣ በተገለጠ ዓይን፣ ከፊታቸው ስንዝር ሳይርቅ፣
ሽፋሽፍት አይለበለብ፤ ጨርቅ አይጨስ፤ ላብ አይፈልቅ።

«ውሸት ነው» አልኩት ተማምን። «ብርሃን መች ይመዝናል?
እንደ ግንድ ፈላጭ የሚያቃስት ሰው ምኑ ከብዶት ይሆናል?»
«ዝም በል።»
«ስለት ብቻ ነው እኮ! ዙሪያውን ሁሉ ከነደደ፣
ደንደሱ በየት በኩል ነው? ለያዡስ መች ፈረደ?»
«ዝም በል አልኩህ፤ ሰው ያየናል።»

አንዱ የብረት በር ቀደደ። ክብ ሆኖ ወደቀ። ጠርዙ ቀላ።
ይህችን አመንኩ፤ ፍም መስሎ ቀልቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጠቁረው ኋላ።
ዝቃጩ ግን የት ገባ? የቀለጠው፣ የሚንጠባጠበው፣
ቦት ጫማ ውስጥ ሾልኮ ካልሲን ከሥጋ የሚያጣብቀው?

ከዚያ ክንድ ወደቀ። ደም የለ። ጩኸት የለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔ ወንድይፍራውን አሰብኩ።
ማክሰኞ ነው፤ ጭምብሉ ተሰንጥቆ፣ «አሁን ልጨርሰው» ብሎ፣
አንዴ ብቻ አየው እሳቱን፣ አንዴ ብቻ፣ ዓይኑን ጥሎ።
ቀን ምንም አላለም። ሌሊት ነው የመጣበት፤
«የአጅማን አሸዋ በሙሉ ዓይኔ ገባ» እያለ የጮኸበት።
ድንች ከትፈን አሰርንለት።
ኩባንያው የሦስት ቀን ደሞዝ ቆረጠበት።
እናቱ በስልክ ሰምታ ተሳለች፤
ስለት የነሳውን በስለት።

ይህን ፊልም የሠራው ሰው፣ ዓይኑን አሸዋ በልቶት አያውቅም።

ካምፕ ስንገባ መብራት ጠፍቷል።
«ንገሩኝ» አለ ወንድይፍራው ከታችኛው አልጋ። «ምንም ሳታስቀሩ።»
ነገርኩት። ሲጋጩ፣ ሲገፋፉ፣ ሲያቃስቱ፤ ሁሉን ውሸት በየተራ።
ባትሪዬን አበራሁ፤ ተማምም የስልኩን አበራ፤
አጣምረን ያዝናቸው። ጨረር በጨረር ውስጥ አለፈ፤
ድምፅ የለ፤ የቆመ የለ፤ አንዱ ሌላውን አልገፈፈ።
«ብርሃን ከብርሃን አይጣላም» አልኩ፣ እንደ ዳኛ።
«እሺ፤ ታዲያ በምን ይዋጉ?» አለ ተማም።

መልሱን ስፈልግ፣ ከጥግ የመጥረጊያ እንጨት አንስቶ ሰነዘረ።
እኔም፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ቆራጭ፣ ሁሉን አዋቂው፣
ባትሪዬን በሁለት እጄ ይዤ መከትኩ፤
ከብዶኝ አቃሰትኩ፤
አፌም ሳላዘው «ቋ!» አለ።

ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ።
ብርሃኔ ጣሪያውን፣ የተሰጣውን ቱታ፣ የተማምን ጥርስ ዞሮ ዞሮ
የወንድይፍራው ፋሻ ላይ አረፈ።
ፈገግ ብሏል።
«ማን አሸነፈ?» አለ፣
ወደኛ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞሮ።